አምስተኛዋ ብጣሽ

ቲቸር ስንዱ ማረፋቸውን የሰማሁት ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። ድሮ አንድ ትምህርት ቤት አብረን ያስተማርን የታሪክ መምህር ደወለና፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ፣ ትናንት ጠዋት እንዳረፉ፣ ስኳሩ ኩላሊታቸውን ጎድቶት እንደቆየ፣ ቀብሩም ዛሬ ከሰዓት በኋላ እንደሆነ ነገረኝ። «እሺ» አልኩ። ረዳቱ ሁለት ጊዜ ሂሳብ ሲለኝ ስላልሰማሁት አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ።

ከሐዘኑ በፊት የመጣብኝ ፍርሃት ነው። ለምን እንደፈራሁ እንዲገባ ከመጀመሪያው ልነሣ።

ወደዚያ ትምህርት ቤት ስመደብ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር። ትምህርት ቤቱ ኮልፌ ነው፤ ስሙን አልጠራም። የአማርኛ መምህራን ቢሮ የሚባለው ቀድሞ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ጠባብ ክፍል ነው። አንድ ጠረጴዛ ለሁለት ተካፈሉ ተባልንና ለእኔ ቲቸር ስንዱ ደረሱኝ። ያኔ ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል። ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናቸው። የደጀን ሰው ናቸው፤ በትዳር አዲስ አበባ ከገቡ ሠላሳ ዓመት ቢያልፍም ሲቆጡ አነጋገራቸው ጎጃም ይገባል። ባላቸው ቀድመዋቸዋል፤ ልጅ የላቸውም። ነጩን የመምህር ጋዋን ቅዳሜ ለማጠናከሪያ ትምህርት ሲመጡ እንኳ አያወልቁትም፤ ኪሱ ሁልጊዜ በብጣሽ ወረቀት እንዳበጠ ነው።

ብጣሾቹ የሥራ ዕቃዎቻቸው ነበሩ። ያለፈ ዓመት የፈተና ወረቀት ጀርባው ንጹሕ ከሆነ አያስጥሉም፤ በማስመሪያ አጥፈው አራት ቦታ ይከፍሉታል። ተማሪዎቻቸው ስለ አንድ ልብ ወለድ ትንታኔ ሊጽፉ ሲሉ ደብተር አያስከፍቷቸውም። ብጣሽ ያድሏቸዋል። ከታሪኩ አንድ ዐረፍተ ነገር ተመርጦ በአንድ ብጣሽ ላይ ከነገጹ ይጻፋል፤ ጀርባው ላይ ደግሞ ያ ዐረፍተ ነገር ምን እንደሚያሳይ በራስ ቃል። ከዚያ ሁሉም ዴስክ ላይ ይዘረጋና የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደሚከተል ይታሰባል። ድርሰቱ የሚጻፈው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ለመማር ብዬ ከኋላ ወንበር ተቀምጬላቸው ነበር። ክፍሉ አሥራ አንደኛ ነው። ያነበቡት ታሪክ ስለ አንድ የወፍጮ ቤት ዘበኛ ነበር፤ ዝናብ እየወረደ እህል የተሸከመች ሴት በሩን ስታንኳኳበት አልከፈተላትም። አንድ ልጅ ተነሥቶ ዘበኛው ጨካኝ ነው አለ።

«ገጹን ጥራልኝ» አሉት።

ገጹን ጠርቶ ዘበኛው በሩን አለመክፈቱን አነበበላቸው።

«ይኼ አለመክፈቱን ነው የነገረኝ። ጭካኔውን ከየት አመጣኸው?»

ከመስኮቱ በኩል አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ዘበኛው ሴትዮዋ እየለመነችው እጁ ሁለት ጊዜ ወደ ቁልፉ ሄዶ እንደተመለሰ የሚናገረውን መስመር ከነገጹ አነበበች። ጨካኝ ሰው እጁ ወደ ቁልፉ አይሄድም፤ ይሄ አሠሪውን የፈራ ሰው ነው አለች። ቲቸር ስንዱ ጠመኔውን አስቀመጡ። ከዚያ ዞረው ለክፍሉ፣ «ጥቅስ ምስክር ነው። ምስክር ጠርታችሁ ሳትጠይቁት አታሰናብቱ» አሉ። ይህን አባባላቸውን ዛሬም እኔ ለተማሪዎቼ እላለሁ።

ሌላም ሕግ ነበራቸው። ማስረጃ አራት ይበቃል ይሉ ነበር። ከአራት ካለፈ ጸሐፊው ራሱን አላመነም ማለት ነው፤ ደካማው መሐል ይገባል፣ ጠንካራው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ አንባቢ ይዞት የሚሄደው የመጨረሻውን ነውና።

ያቺ ከመስኮቱ በኩል የተናገረችው ልጅ ሐረገወይን ትባላለች። እሷ ስትወለድ እናቷ ሞታባት አባቷ ብቻቸውን ያሳደጓት ልጅ ናት። አባቷ የቄስ ትምህርት ቤት ሰው ናቸው፤ ኋላ ግን ቤቴል አካባቢ አንድ ክሊኒክ በር ላይ ዘበኛ ሆነው ይሠሩ ነበር። ልጅቷ ገና አንደኛ ክፍል ሳትገባ ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ስትጽፍ እንደ እድሜ እኩዮቿ አትጽፍም። ዐረፍተ ነገሯ ረጅም ነው፣ ድርብ ሰረዝ ታበዛለች፣ «እነሆ» እና «ይኸውም» ትላለች። ፊደል ደግሞ አትስትም። ስም መዝገብ ላይ ስሟን በሃሌታው ሀ የጻፈባትን ሁሉ፣ ሐረግ በሐመሩ ሐ ነው ብላ ታሳርመው ነበር። ቲቸር ስንዱ ድርሰቷን ሲያርሙ ብቻቸውን አያነቡትም፤ «ታምራት፣ ስማኝማ» ብለው ለእኔ ጮክ ብለው ያነቡልኛል። ልጅ ስላልወለዱ ነው እያልኩ በሆዴ አዝንላቸው ነበር።

የትምህርት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ከፈተናው ፕሮግራም ጎን፣ በኮምፒዩተር የተጻፈ አንድ ገጽ ደብዳቤ ተለጥፎ ተገኘ። «እነሆ በዚህ ግቢ የተፈጸመውን በደል ለማሳወቅ ተገደናል» ብሎ ይጀምራል። የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠረው፣ እኛ ዩኒት ሊደር የምንለው መምህር፣ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አርፍዳ በመምጣቷ በጥፊ መትቷት ጆሮዋ እንደደማ፤ ቤተሰቧ ሲጠይቅ ደረጃ ላይ ወድቃ ነው እንደተባለ ይናገራል። «በሬ ካራጁ ይውላል እንዲሉ፣ ህጻኗ ዛሬም በየጠዋቱ በእሱ ፊት ተሰልፋ ትገባለች። ነገሩን ያዩ መምህራንም እንዳላዩ አልፈዋል» ይላል። ፈራሚው «የግቢው ተማሪዎች» ነው። ቅጂው ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ሄዷል።

ርዕሰ መምህሩ ቲቸር ስንዱን አስጠሩ። የልጆቹን አጻጻፍ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ማን እንደጻፈው ይንገሩን አሏቸው። መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር። ግን ጸሐፊው ቢገኝ የሚደርስበት ምክር ብቻ ነው፣ ካልተገኘ ግን አንድ ክፍል በሙሉ ይቀጣል ሲሏቸው ደብዳቤውን ተቀብለው መጡ።

ሦስት ቀን ሠሩበት። የአሥራ አንደኛ ክፍል ድርሰቶችን ሁሉ እንደገና አነበቡ። በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛችን ላይ አራት ብጣሾች ዘረጉ። እነሆ፤ ይኸውም፤ ከ«ነገር ግን» በፊት የምትገባው ድርብ ሰረዝ፤ መጨረሻ ላይ በሬ ካራጁ ይውላል። ይህችን ምሳሌ ሐረገወይን ስለ ዘበኛው በጻፈችው ድርሰት ውስጥ ከሁለት ሳምንት በፊት ተጠቅማባታለች። እንደ ሁልጊዜው ጠንካራው መጨረሻ ነው የተቀመጠው። ፊታቸው ላይ ደስታ አላየሁም፤ ግን አንድ ነገር በትክክል የገጠመለት ሰው ፊት ነበር።

እኔም ደብዳቤውን አንሥቼ አነበብኩት። አንዲት ቃል ላይ ዐይኔ ቆመ።

«ቲቸር፣ ይቺን አይተዋታል?» አልኳቸው።

«ህጻኗ» የምትለዋን ቃል አሳየኋቸው። በሃሌታው ህ እና በጸሎቱ ጻ ነው የተጻፈችው። ሐረገወይን ይህን ቃል በሐመሩ ሕ እና በፀሐዩ ፃ እንጂ በሌላ እንደማትጽፍ እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ብጣሽ አወጡ፣ ቃሏን ጻፉባት፣ ከአራቱ ጎን አስቀመጧት። ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ኮምፒዩተር ቤት የምትሠራዋ ልጅ ናት እንዲህ አድርጋ የተየበችው» አሉ።

«ሊሆን ይችላል» አልኩ።

«አራቱ አንድ ነገር ተናግረው አንዷ ብትቃወም፣ የምትጠረጥረው አንዷን ነው።»

አምስተኛዋን ብጣሽ አነሡና ጋዋናቸው ኪስ ውስጥ ከተቷት።

እኔ የሙከራ ጊዜዬን ያልጨረስኩ አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ። እሳቸው የሃያ ስምንት ዓመት መምህር ናቸው። ይህን የምናገረው ለማመካኘት አይደለም፤ እንዲያው እንዴት እንደነበር ለማስታወስ ነው።

ስብሰባው የተደረገው በማግስቱ ነው። ርዕሰ መምህሩ፣ ዩኒት ሊደሩ ራሱ፣ የወላጆች ተወካይ፣ ቲቸር ስንዱና ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ እኔ ነበርን። ቲቸር ስንዱ ልክ ክፍል ውስጥ እንደሚያደርጉት ብጣሾቹን አንድ በአንድ አነሡ፤ ከደብዳቤው መስመሩን፣ ከልጅቷ ድርሰት ገጹን እየጠሩ አነበቡ። ሲጨርሱ ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞረው የምጨምረው እንዳለ ጠየቁኝ። ቲቸር ስንዱ ቀና ብለው አዩኝ። ያን አስተያየት ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት አላውቅም። ዝም በል የሚል አልነበረም። አሁን አሁን ሳስበው፣ ተናገር የሚል ይመስለኛል።

«የለም» አልኩ። ቃለ ጉባኤው ላይም በአንድ ድምፅ ብዬ ጻፍኩ።

ሐረገወይን ተጠርታ ገባች። ብጣሾቹ እንደገና ተነበቡላት። እኔ አልጻፍኩም አለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ቲቸር ስንዱ፣ ልጄ ብትነግሪን ይሻላል፣ የሚሰጥሽ ምክር ነው ብለው ለመኗት። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ብጣሾች አንድ በአንድ አየቻቸው። ከወጣች በኋላ ዩኒት ሊደሩ ስሜ ጠፍቷል ብሎ ጮኸ፤ ርዕሰ መምህሩም ለአንድ ዓመት ከትምህርት ትታገድ አሉ። «ምክር ነው ያላችሁኝ» አሉ ቲቸር ስንዱ፤ ድምፃቸው ጎጃም ገብቶ ነበር። ማስረጃው ግን ያቀረቡት ራሳቸው ነውና የሚሰማቸው አላገኙም። ያቺ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በእርግጥ ተመትታ እንደሆነ በዚያ ስብሰባ አንድም ሰው አልጠየቀም።

በማግስቱ አባቷ የዘበኛ ካፖርታቸውን እንደለበሱ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። የኛው ዘበኛ አላስገባቸውም። እስከ ምሳ ሰዓት ቆመው ሄዱ።

እውነቱ የወጣው ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ባርኔጣቸውን በእጃቸው የያዙ ሽማግሌ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ገቡ። አቶ ደምሴ ይባላሉ፤ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሊያዛውሩ ወረቀቷን ለመውሰድ መጥተው፣ ጸሐፊዋ በጨዋታ መሐል ያኔ በደብዳቤው ሰበብ አንዲት ተማሪ መባረሯን ነገረቻቸው። ቆመው ነው የተናገሩት፤ ወንበር ቢሰጧቸውም አልተቀመጡም።

«ያን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ። «በስሜ ብጽፍ ልጅቷ ላይ ይብሱባታል ብዬ ነው በተማሪ ስም የጻፍኩት። ሰው ይቀጣበታል ብዬ አላሰብኩም።»

ቲቸር ስንዱ ከመቀመጫቸው ተነሡ። እጃቸውን ጋዋናቸው ኪስ ከተው ያቺን አምስተኛ ብጣሽ አወጡ። ዓመት ሙሉ እዚያው እንደነበረች ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ለሽማግሌው ዘረጉላቸውና፣ ይህን ቃል ለምን ጻፉት ብለው ጠየቁ። አቶ ደምሴ ብጣሿን አራቅ አድርገው አዩዋት። በየትኛው ሀ እንደሚጻፍ ዛሬም አያውቁትም ነበርና፣ ስለ ፊደሉ የተጠየቁ መስሏቸው ይቅርታ አሉ። ፊደሉን አይደለም አሏቸው ቲቸር ስንዱ፤ ቃሉን ነው።

«የልጅ ልጄ ናት» አሉ። «ሕፃኗ ሳልል ማን ልበላት?»

እኔና ቲቸር ስንዱ ተያየን። ሁለታችንም ፊደሉን ነበር ያየነው። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ በሁለት ዓመት የምታንሳትን ተማሪ ሕፃኗ እንደማትል ሁለታችንም አላሰብንም። እነሆውም፣ ይኸውምም፣ ድርብ ሰረዙም፣ ምሳሌውም የሽማግሌ አጻጻፍ ነበር። ሐረገወይን ከሽማግሌ አባቷ ስለተማረችው የእሷ ብቻ መሰለን።

ትምህርት ቤቱ እገዳው መነሣቱን የሚገልጽ ሁለት መስመር ወረቀት ጻፈ። ይቅርታ የሚል ቃል አልነበረበትም። ወረቀቱን ቲቸር ስንዱ ራሳቸው ይዘው ሄዱ፤ እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። ቤተሰቡ ወደ አስኮ ተዛውሮ ነበር። አባቷን አገኘናቸው። ልጃቸው ዳቦ ቤት እንደምትሠራ ነግረውን መንገዱን አሳዩን፤ በሩንም እኛ እስክንርቅ ድረስ አልዘጉም። ዳቦ ቤቱ ጋ ስንደርስ ቲቸር ስንዱ በእጃቸው አቆሙኝ።

«አንተ እዚህ ቆይ» አሉኝ።

ቆየሁ። ማዶ ከአንድ የብረታ ብረት መሸጫ ፊት ለፊት ቆሜ በመስታወቱ ውስጥ ሁለቱን አየኋቸው። ሐረገወይን ነጭ መሸፈኛ በፀጉሯ ላይ አስራለች። ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። ቲቸር ስንዱ ሲናገሩ ቆዩ፤ እሷ ትንሽ ነገር መለሰች፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። ሲወጡ ምን እንዳለቻቸው ጠየቅኋቸው። የመለሱልኝ ታክሲ ውስጥ ገብተን ዊንጌት ስንደርስ ነው።

«ማስረጃዎቹ ሲነበቡ እኔ ራሴ የጻፍኩት መስሎኝ ነበር አለችኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ የማውቃቸው ሴት ሌላ ሴት ናቸው። ብጣሹን አልተዉም፤ ነገር ግን አራት ይበቃል ማለት ቀረ። ተማሪው የሚያስበውን የምትቃወም አንዲት ጥቅስ ፈልጎ ካላመጣ ድርሰቱን አይቀበሉም። «ያረጋግጣል» የሚል ቃል ካዩ በቀይ ይሰርዙና «ያሳያል» ብለው ይጽፉበታል። ስም ሲጠሩ ደግሞ ሐ ላይ ሲደርሱ ሐረገወይን ይላሉ። ስሟ መዝገቡ ላይ የለም። ይጠሯታል፣ ዝም ብለው ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ስም ያልፋሉ። አዲሶቹ ተማሪዎች መጀመሪያ ይሳሳቁ ነበር። ኋላ ግን ያቺ ዝምታ ስትመጣ ክፍሉ በሙሉ መተንፈስ የሚያቆም ይመስል ነበር፤ በኮሪደር ሳልፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ሰምቻታለሁ። አንድ ተማሪ፣ ቲቸር፣ ሐረገወይን የሞተች ልጅ ናት እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። አይደለችም አልኩት። ታዲያ ለምንድን ነው የሚጠሯት ሲለኝ ወደ ክፍልህ ግባ አልኩት።

ቢሮም ዳቦ ይዘው መምጣት ጀመሩ። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ትኩስ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ እናገኛለን። ስኳር ስላለባቸው እሳቸው አይቀምሱትም። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ለዚያ ዳቦ ግን ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው አስኮ ድረስ በታክሲ ይሄዱ ነበር። ሌሎቹ መምህራን እየመረቁ ይበላሉ። እኔ ከየት እንደሚመጣ ስለማውቅ አልነካውም። አንድ ጊዜ ብቻችንን ስንሆን፣ ቲቸር ይብቃዎት፣ ራስዎን አይጉዱ አልኳቸው።

«በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ስለ እኔ የተጻፈች አንዲት መስመር ነበረች» አሉኝ። «መምህራን እንዳላዩ አለፉ የምትለው። እኔ ያቺን ጥፊ አይቻታለሁ፣ ታምራት። በመስኮት አይቻታለሁ። ያቺ መስመር አናደደችኝና ጸሐፊውን ማግኘት ፈለግሁ።»

ይህን ብለው ወደ ክፍላቸው ሄዱ። ስለ አምስተኛዋ ብጣሽ፣ ስለ እኔ ዝምታ ግን ያኔም ሆነ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። እንዲቆጡኝ የምመኝባቸው ቀኖች ነበሩ።

እውነቱ ከወጣ በሁለተኛው ዓመት እኔ ቤቴል አካባቢ ያለ የግል ትምህርት ቤት ሥራ አግኝቼ ለቀቅሁ። እሳቸውም ኋላ ጡረታ ወጡ። በበዓል እደውላለሁ፤ ቤታቸው የሄድኩት ግን ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው። በመጨረሻ የሄድኩ ጊዜ እግራቸው አብጦ አልጋ ላይ ተደግፈው ነበር። ወንበሩ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ዳቦ አየሁ። ጎረቤት ልጆች እየመጡ ይወስዱታል አሉኝ። አሁንም አስኮ ይሄዳሉ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም።

ቀብራቸው ላይ ደረስኩ። ስለ አምስተኛዋ ብጣሽ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ ታክሲው ውስጥ ያስፈራኝም አሁን የሚናገረው ቢኖር እኔ ብቻ መቅረቴ ነው። ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው ብዙ ሰው ነበር። በሦስተኛው ቀን ወደ ልቅሶው ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ቤታቸው ባለበት ቅያስ ላይ ተተክሏል። የእድር ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ትንሽ ቆይቼ ከጓዳ በኩል አንዲት ወጣት ሴት ዳቦ የተቆለለበት ትሪ ይዛ ወጣችና ለለቀስተኛው ማደል ጀመረች። ነጠላዋን አደግድጋለች። እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ቲቸር ታምራት አይደሉ?» አለችኝ። «ያኔ ስብሰባው ላይ ይጽፉ የነበሩት።»

ሐረገወይን ናት። ትሪውን ለሌላ ሰው ሰጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ቲቸር ስንዱ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲመጡ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ስለዚያ ነገር አውርተው እንደማያውቁ ነገረችኝ። ዳቦውን ትሰጣቸዋለች፣ አባትሽ ደኅና ናቸው ወይ ይሏታል፣ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ላይ ባይመጡ ትመርጥ ነበር። ኋላ ለመደቻቸው። በዚህ ሳምንት ሲቀሩባት ሰው ልካ ጠየቀች። ስለ ትምህርት ስጠይቃት የማታ ጀምራ መተዋን ነገረችኝ። ሌላው ትምህርት አልከበዳትም ነበር።

«ድርሰት ጻፉ ሲሉኝ እጄ እምቢ አለኝ» አለች። «አንድ መስመር ጽፌ፣ ይቺን አይተው ምን ይሉኛል እላለሁ።»

ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። ስለ አምስተኛዋ ብጣሽ ነገርኳት። «ህጻኗ» የምትለዋን ቃል ያየሁት እኔ እንደነበርኩ፣ ለቲቸር ስንዱ እንዳሳየኋቸው፣ ስብሰባው ላይ ግን ሲጠይቁኝ የለም እንዳልኩ፣ በአንድ ድምፅ ብዬ በእጄ እንደጻፍኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው እያወራ ስለነበር ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት። አላቋረጠችኝም። ዐይኗን ከመሬት አላነሣችም።

«ቲቸር ይህን ነግረውኝ አያውቁም» አለች። «የእርስዎን ስም አንድ ቀን አላነሡም። ሁሉንም ያደረግሁት እኔ ነኝ ነው ያሉኝ።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

«ያኔ ቢሉት ጥሩ ነበር።»

ቁጣ አልነበረበትም። ዝናብ ቢዘንብ ጥሩ ነበር እንደሚል ሰው ነው ያለችው። ከዚያ ታክሲ ሳይጠፋ ልሂድ ብላ ተነሣች። ቤተ ዘመዶቹን ተሰናበተች፤ እኔም ተነሥቼ እስከ ፌርማታው ሸኘኋት። ሰልፉ አጭር ነበር። ተራዋ ደርሶ አንድ እግሯን ታክሲው ውስጥ ካስገባች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«ያቺን ቃል ከእርስዎ ሌላ ያየ ሰው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «ከስብሰባው በፊት ማለቴ ነው። ከቲቸር ስንዱ በቀር።»

«አልነበረም» አልኳት። «እኔ ብቻ ነኝ።»

እያሰበች ራሷን ነቀነቀችና ገባች። ሁለት ወንበር ብቻ ነበር የቀረው፤ አንዱን እሷ ያዘች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አላዞረችም። እኔ የታክሲውን በር በእጄ እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ትከሻዬን ነካ አደረገና፣ ትገባለህ ወይስ ልለፍ አለኝ። ለቀቅሁለት።